የስልኩ ጆሮ የት ነው ያለው?

ከጎንደር ወደ ሽሬ የሚወስደው መንገድ ደባርቅን እንዳለፈ ሊማሊሞ ላይ ቁልቁል ይወርዳል። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ገደሉን እየፈለፈሉ ያወጡት መንገድ ነው፤ ኩርባው ተቆጥሮ አያልቅም። ከታች ዲብ ባሕር፣ ከዚያ ዛሪማ፣ ከዚያ አዲ አርቃይ። እስቲ በዚህ ቁልቁለት የሚወርድ የሚኒባስ ሹፌር እናስብ። ሁለት እጁ መሪው ላይ ነው፣ ዓይኑ ኩርባው ላይ። አዲ አርቃይ የምትጠብቀው እህቱ እንዳትሰጋ ብሎ ስልኩን «እህቴ ጋ ደውልልኝ» ይለዋል። ስክሪኑ ላይ አንዲት ክብ ነገር ትዞራለች። አሁንም ትዞራለች። በመጨረሻ «ኢንተርኔት የለም» የሚል ጽሑፍ ይመጣል፤ ያውም በዓይን መነበብ ያለበት ጽሑፍ!

ነገሩን ረጋ ብላችሁ ብታዩት ያስቃል። የእህትየው ቁጥር ስልኩ ውስጥ ነው። መደወያው ስልኩ ውስጥ ነው። ማይኩም እዚያው ነው። ለጥሪ የሚበቃ ኔትወርክም ሊኖር ይችላል፣ ተራ ጥሪ በ2ጂም ይሄዳል። ታዲያ ምን ጎደለ? «ደውልልኝ» የሚለውን ድምፅ ሰምቶ ወደ ቃል የሚቀይረው ክፍል ነው የጎደለው። እሱ ያለው ምናልባት አውሮፓ ውስጥ በሚገኝ አንድ የኮምፒውተር ማዕከል ነው። የስልኩ ነገር ሁሉ ኪስ ውስጥ ሆኖ ጆሮው ብቻ ውጭ አገር ነው ማለት ነው።

የድምፅ ረዳቶች ለረጅም ጊዜ ሲሠሩ የኖሩት እንዲህ ነው። የአፕሉ ሲሪ እ.ኤ.አ. በ2011 ሲወጣ የተናገራችሁትን ቀድቶ ወደ ሰርቨር ይልካል፣ መልሱን ይጠብቃል። ያኔ ሌላ አማራጭ አልነበረም፤ ንግግርን ወደ ጽሑፍ የሚቀይረው ፕሮግራም ስልክ ላይ የሚሸከሙት አልነበረም። ዛሬ ግን ይቻላል፤ ለአንዳንድ ቋንቋዎች። ይህ ጽሑፍ ጆሮውን ወደ ስልኩ እንዴት እንደሚመልሱት፣ ለአማርኛ ደግሞ ሥራው የት ላይ እንደቆመ የሚያወራ ነው።

ፈጣን ማለት ስንት ነው?

መጀመሪያ መለኪያ እንያዝ። ሁለት ሰዎች ሲያወሩ አንዱ ንግግሩን ጨርሶ ሌላው እስኪጀምር ስንት ጊዜ ያልፋል? እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ አንድ ጥናት በተለያዩ አህጉሮች የሚነገሩ 10 ቋንቋዎችን ለክቶ አማካዩ ወደ 200 ሚሊ ሰከንድ አካባቢ መሆኑን አገኘ። የሰከንድ አንድ አምስተኛ ነው፤ ዓይን እስኪርገበገብ ያህል።

የሚገርመው ክፍል ቀጥሎ ያለው ነው። አንድን ቃል አስቦ፣ አዘጋጅቶ ከአፍ ለማውጣት አእምሯችን ከ200 ሚሊ ሰከንድ በጣም የሚበልጥ ጊዜ ይወስድበታል። እንዴት ነው ታዲያ ቶሎ የምንመልሰው? ሌላው ሰው እየተናገረ እያለ እኛ መልሳችንን መሸከፍ ስለምንጀምር ነው። ዓረፍተ ነገሩ እስኪያልቅ አንጠብቅም። ይህን ብልሃት ያዙልኝ፣ ወደ በኋላ ይፈለጋል።

ድምፃችሁ ሲጓዝ

አሁን የሹፌሩን ድምፅ ተከትለን እንሂድ። ከአዲስ አበባ እስከ ፍራንክፈርት በቀጥታ ቢለካ ወደ 5,300 ኪሎ ሜትር ነው። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ ወደ 200,000 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። አስሉት፤ ለመሄድ 26፣ ለመመለስ 26፣ በድምሩ ወደ 53 ሚሊ ሰከንድ። ይህንን ቁጥር ማንም መሐንዲስ ሊያሳንሰው አይችልም፣ የተፈጥሮ ሕግ ነው። በተግባር ደግሞ ገመዱ እንደ አሞራ ቀጥ ብሎ አይበርም። እኛ ባሕር የለንም፤ መስመሩ በጎረቤት አገር በኩል፣ ለምሳሌ በጅቡቲ፣ ወጥቶ ነው ከባሕር ሥር ኬብል ጋር የሚገናኘው። ስለዚህ አንድ ደርሶ መልስ 120 ሚሊ ሰከንድ ነው ብለን እንነሳ።

አንድ ደርሶ መልስ ብቻ ቢሆን ማን ይጨነቅ ነበር። ስልኩ መጀመሪያ የሰርቨሩን አድራሻ ይጠይቃል፤ አንድ። ከዚያ «አለህ ወይ?» «አለሁ» ይባባላሉ፤ ሁለት። ከዚያ ማንም መሐል ገብቶ እንዳይሰማ የሚስጥር ቁልፍ ይለዋወጣሉ፤ ሦስት፣ በድሮው አሠራር አራት። እያንዳንዱ በ120 ሲባዛ አንዲት የድምፅ ቅንጣት ገና ሳትላክ ግማሽ ሰከንድ ሄደ። ግንኙነቱ ቀድሞ ከተከፈተ ይህ ይቀንሳል፣ ልክ ነው። ግን ስልክ ሁሌም ኪስ ውስጥ የሚያንቀላፋ ዕቃ ነው። ሲነቃ ደግሞ ከአቅራቢያው ታወር ጋር እንደገና መተዋወቅ አለበት። በ4ጂ ይህ መቶ ሚሊ ሰከንድ አካባቢ ይፈጃል፤ በ3ጂ ግን እስከ ሁለት ሰከንድ የሚደርስበት ጊዜ አለ።

ይህ ሁሉ ሲግናሉ ጥሩ ሲሆን ነው። የስሜን ተራሮች ከ4,500 ሜትር በላይ የሚወጡ ናቸው፤ የስልክ ሞገድ ደግሞ ተራራ መዞር አይሆንለትም። አንድ ኩርባ ላይ ሦስት መስመር የነበረው ኔትወርክ ቀጣዩ ላይ ባዶ ይሆናል። የመጀመሪያዋ «አለህ ወይ?» መንገድ ላይ ከጠፋች ስልኩ እንደ ደንቡ አንድ ሰከንድ ጠብቆ ይደግማታል። ደግማ ከጠፋች ሁለት ሰከንድ ይጠብቃል፣ ቀጥሎ አራት። ያቺ ስክሪኑ ላይ የምትዞረው ክብ ነገር ብዙውን ጊዜ እያሰበች አይደለም፤ ይህንን እየቆጠረች ነው።

እኔ እንደሚመስለኝ ሰው የድምፅ ረዳትን የሚፈርድበት በአማካይ ፍጥነቱ አይደለም፣ በመጥፎ ቀኑ ነው። ዘጠኝ ጊዜ ቶሎ መልሶ አሥረኛው ላይ ስድስት ሰከንድ ዝም ካለ፣ በቃ፣ ሰው ወደ ጣቱ ይመለሳል።

ከዚያም የባሰ አለ። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ወራት ተቋርጦ ነበር። የሰሜን ጎንደር ሰው ከዚያ በፊትም በጦርነቱ ጊዜ ይህንን ያውቀዋል። እንዲህ ባለ ጊዜ ጆሮው ውጭ አገር ያለ ስልክ የሚዘገይ ሳይሆን ጨርሶ የሚደነቁር ስልክ ነው። የማያነብ አባት፣ ዓይኑ የማያይ ተማሪ፣ እጁ ዕቃ የያዘ ሠራተኛ፣ ለእነዚህ ሰዎች ድምፅ ዋናው በር ነው። በሩ ከኢንተርኔት ጋር አብሮ መዘጋት የለበትም።

ዝሆኑን ኪስ ውስጥ መክተት

ጆሮውን ወደ ስልክ ማምጣት ከተፈለገ ማሳነስ ነው። ትንሹን ክፍል መጀመሪያ እንየው። ስልካችሁ «ሄይ ሲሪ» ወይም «ኦኬ ጉግል» ሲባል የሚነቃው ኢንተርኔት ላይ ጠይቆ አይደለም። ያንን አንድ ሐረግ ብቻ የሚያውቅ ሚጢጢ ሞዴል ቀን ከሌት ያዳምጣል። ጉግል በዚህ ሥራ ላይ ያዋለው አንድ ሞዴል 14 ኪሎ ባይት ብቻ ነበር። ስልክ ላይ ከምታነሱት አንድ ፎቶ በመቶ እጥፍ ያንሳል። የሚሠራውም ዋናው ፕሮሰሰር ላይ ሳይሆን ባትሪ በማይበላ ትንሽ ቺፕ ላይ ነው። እንደ ዘበኛ ነው፤ ሁሉን አያውቅም፣ በር ሲንኳኳ ግን ባለቤቱን ይቀሰቅሳል።

ሙሉ ንግግር መስማት ግን ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2019 ጉግል የአሜሪካ እንግሊዝኛን ያለ ኢንተርኔት የሚሰማ ሞዴል ፒክስል በተባሉት ስልኮቹ ላይ አወጣ። የቁጥሩ ታሪክ ደስ ይላል። በድሮው ሥርዓት ድምፅን ከቃል፣ ቃልን ከቃል የሚያያይዘው መረብ ብቻውን ወደ 2 ጊጋባይት ነበር። በአዲሱ አሠራር ሁሉንም ሥራ አንድ የነርቭ መረብ ያዘውና 450 ሜጋባይት ሆነ። ከዚያ ጨመቁት፤ 80 ሜጋባይት።

እንዴት ይጨመቃል? የነርቭ መረብ ማለት በመጨረሻ የቁጥሮች ክምር ነው፣ ብዙ ሚሊዮን ቁጥሮች። እያንዳንዱ ቁጥር በተለምዶ በ32 ቢት ይጻፋል፤ ይህ ከአራት ቢሊዮን በላይ የተለያዩ ዋጋዎችን ለይቶ መያዝ ይችላል። ግን ያን ያህል ጥንቃቄ ያስፈልጋል ወይ? ገበያ ስትወጡ ሽምብራ የምትሸጠው ሴት በጣሳ ነው የምትሰፍርላችሁ። በጣሳው ጫፍ ላይ አምስት ፍሬ ቢጨምር ቢቀንስ ሽሮው ያው ሽሮ ነው። መሐንዲሶቹም እንዲሁ አደረጉ፤ 32 ቢት የነበረውን ወደ 8 ቢት አወረዱት። ያ ማለት 256 ዓይነት «ጣሳ» ብቻ ቀረ። ዘዴው ኳንታይዜሽን ይባላል፤ ሞዴሉን በአራት እጥፍ ያሳንሰዋል። ትክክለኛነቱ ትንሽ ይጎዳል፣ ግን ከምታስቡት በጣም ባነሰ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ብዙ ጊዜ ይዘለላል። መጨመቅ ቦታ መቆጠቢያ ብቻ አይደለም፣ ፍጥነትም ነው። ለምን ቢባል ስልክ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚያልፈው በማስላት ሳይሆን ቁጥሮቹን ከሜሞሪ ወደ ፕሮሰሰር በማመላለስ ነው። በሰከንድ 10 ጊጋባይት ማንበብ የሚችል ስልክ እናስብ። 450 ሜጋባይት አንድ ዙር ለማንበብ 45 ሚሊ ሰከንድ ይፈጅበታል። ሞዴሉ በየ60 ሚሊ ሰከንዱ አዲስ የድምፅ ቁራጭ መስማት ካለበት ጊዜው ሁሉ በማንበብ ብቻ ሊያልቅ ነው። 80 ሜጋባይት ግን በ8 ሚሊ ሰከንድ ይነበባል፤ የተረፈው ጊዜ ለሥራ ይሆናል። የጉግሉ ሞዴል ከተጨመቀ በኋላ በአንድ ፕሮሰሰር እምብርት ብቻ ከተናጋሪው ቀድሞ መሮጥ የቻለው በዚህና በመሰል ብልሃቶች ነው።

ሌላው መንገድ ማስተማር ነው። ጎንደር ላይ የቆሎ ተማሪ ከየኔታ ሥር ተቀምጦ እንደሚማረው ትንሹ ሞዴል ከትልቁ ሥር ይቀመጣል። ጥቅሙ የት ላይ ነው? ደረቅ የመልስ ወረቀት «ይህ ቃል ‹ገና› ነው» ብቻ ይላል። ትልቁ ሞዴል ግን ለምሳሌ «በመቶ 70 ‹ገና› ይመስለኛል፣ 20 ‹ገላ›፣ ‹በቅሎ› ግን በጭራሽ» ይላል። ተማሪው ከዚህ የትኛው ከየትኛው ጋር እንደሚቀራረብ ይማራል። እ.ኤ.አ. በ2023 ሃጊንግ ፌስ የተባለው ኩባንያ ዊስፐር የሚባለውን ትልቅ ሞዴል በዚህ መንገድ በግማሽ አሳንሶ ስድስት ጊዜ ያህል ፈጣን አድርጎታል፤ ያው ለእንግሊዝኛ።

«ጨረስክ ወይ?»

ኔትወርኩንም አስወገድን፣ ሞዴሉንም አሳነስን እንበል። አሁንም የሚዘገይ ነገር አለ፤ ለእኔ ከሁሉም የሚጥመኝ ችግር ይሄ ነው። ማሽኑ መናገር መጨረሳችሁን በምን ያውቃል?

ቀላሉ መንገድ ዝምታን መለካት ነው። ተናጋሪው ግማሽ ሰከንድ ዝም ካለ «ጨርሷል» ማለት። ይህ ግማሽ ሰከንድ ግን ሁልጊዜ ይከፈላል፣ ምንም ፈጣን ስልክ ቢኖራችሁ። ዝምታውን ወደ 200 ሚሊ ሰከንድ እናሳጥረው ብትሉ ደግሞ «ነገ ጠዋት... እ... እንትን...» የሚለውን ሰው መሐሉ ላይ ትቆርጡታላችሁ። ሰው ሲያስብ ዝም ይላል እኮ።

እዚህ ላይ የአማርኛ ጠባይ ይገባል። በእንግሊዝኛ ትእዛዙ ከፊት ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ቃላት እንደተሰሙ ረዳቱ የማንቂያ ደወሉን ፕሮግራም ከፍቶ መዘጋጀት ይችላል። የእኛ ግስ ግን መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። «ነገ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ...» ካላችሁ በኋላ «ቀስቅሰኝ» ልትሉ ትችላላችሁ፣ «አትቀስቅሰኝ»ም፣ «ለእናቴ ደውል»ም። እስከ መጨረሻዋ ቃል ድረስ ነገሩ አይታወቅም። (በነገራችን ላይ ያቺ 12 ሰዓት በስልኩ አቆጣጠር 6 ሰዓት መሆኗን የማያውቅ ረዳት ቶሎ ቢመልስም ምን ዋጋ አለው? እኩለ ቀን ላይ ነው የሚቀሰቅሳችሁ።)

መጥፎ ዜና ይመስላል። ግን ገልብጣችሁ እዩት። ግሱ መጨረሻ ላይ ከሆነ ግሱን የሰማ ማሽን ዓረፍተ ነገሩ ማለቁንም አወቀ ማለት ነው። «ቀስቅሰኝ» ከተባለ በኋላ ግማሽ ሰከንድ ዝምታ መጠበቅ አያስፈልግም፤ «ጠዋት» ከተባለ በኋላ ግን መጠበቅ ነው። ለእንግሊዝኛ ተመራማሪዎች ይህንኑ የ«አበቃ» ምልክት ሞዴሉ ከቃላቱ ጋር አብሮ እንዲያወጣ አሠልጥነዋል። ለአማርኛ ምልክቱ ቋንቋው ውስጥ ራሱ ተቀምጦልናል። ቅድመ ሁኔታው አንድ ነው፤ ማሽኑ ቃል በቃል፣ እየተናገራችሁ እያለ፣ እዚያው በዚያው መስማት አለበት። ድምፁን ጠቅልሎ ወደ ሩቅ የሚልክ ይህንን በጊዜው አይደርስበትም። ሰዎች በ200 ሚሊ ሰከንድ የሚመልሱበት ብልሃት ይኸው ነው ያልኳችሁ።

ፊደላችን ስንት ቁራጭ ነው?

እ.ኤ.አ. በ2022 ኦፕንኤአይ ዊስፐርን በነጻ ሲለቅ ብዙ ወጣት ፕሮግራመር «አለቀ፣ አማርኛም ተሠራ!» ብሎ ነበር። ሞዴሉ የሠለጠነው በ680,000 ሰዓት ድምፅ ነው፤ አማርኛም ከቋንቋዎቹ ዝርዝር ውስጥ አለ። መጠኑም በየልኩ ነው፤ ትንሹ 39 ሚሊዮን ፓራሜትር አለው፣ ትልቁ 1,550 ሚሊዮን። ትንሹ በ8 ቢት ሲጨመቅ ወደ 39 ሜጋባይት ነው፣ የትኛውም ርካሽ ስልክ ላይ ይገባል። ታዲያ ለምን አልተሠራም?

አንደኛው ምክንያት የድምፁ ክፍፍል ነው። ከ680,000 ሰዓቱ ከእንግሊዝኛ ውጭ ላሉት 96 ቋንቋዎች ሁሉ በአንድ ላይ የደረሰው 117,000 ሰዓት ነው፤ ከዚያም ውስጥ የአማርኛ ድርሻ በጣም ትንሽ ነው። ትልቁ ሞዴል እንኳ በአማርኛ ይንገዳገዳል፣ ትንሹን ተዉት።

ሁለተኛው ምክንያት ግን የፍጥነት ነው፤ ብዙ ሰውም አያስተውለውም። ዊስፐር ጽሑፉን የሚያወጣው ቁራጭ በቁራጭ ነው። ቁራጮቹ ቶክን ይባላሉ፤ ለእያንዳንዱ ቶክን ሞዴሉ አንድ ሙሉ ዙር ያስባል። የተለመዱ የእንግሊዝኛ ቃላት አንዱ ቃል አንድ ቶክን ነው። የግዕዝ ፊደል ግን በኮምፒውተር ሲቀመጥ እያንዳንዱ ሦስት ባይት ይይዛል። ቶክኖቹ የተመረጡት በብዛት ከሚታዩ ቋንቋዎች ስለሆነ የእኛ ፊደል ብዙ ጊዜ ራሱን የቻለ ቶክን አያገኝም፤ ወደ ባይቶቹ ይሰበራል። «እንዴት አደርክ» ስምንት ፊደልና አንድ ክፍት ቦታ ነው፤ 25 ባይት። በከፋ ሁኔታ ያንን ሰላምታ ለመጻፍ 25 ዙር ማሰብ ሊጠበቅበት ነው። ያው ስልክ፣ ያው ሞዴል፣ ግን አማርኛ ሲሆን ቀርፋፋ። ስልኩ ደክሞ አይደለም፣ የቁራጩ አቆራረጥ ለእኛ ስላልታሰበ ነው።

ላይ ላዩን ሲታይ ደግሞ ፊደላችን ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው። «መ» ስትሉ ተነባቢውና አናባቢው በአንድ ምልክት ተጠቅልሏል። 33 ዋና ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231፤ ዲቃላዎቹን ብትጨምሩም ከጥቂት መቶ አይበልጡም። እያንዳንዱን ፊደል አንድ ቶክን ያደረገ ሞዴል ለ«እንዴት አደርክ» ዘጠኝ ዙር ይበቃዋል። ሀ፣ ሐ እና ኀ በድምፅ አንድ ስለሆኑ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀም እንዲሁ፣ ለመስሚያው ሥራ ሲጣመሩ ቁጥሩ ደግሞ ይቀንሳል።

ይህ ሐሳብ ዛሬ የመጣ አይደለም። ሰለሞን ተፈራ በጀርመን ሐምቡርግ ዩኒቨርሲቲ ከቮልፍጋንግ ሜንዝል ጋር ሲሠራ እ.ኤ.አ. በ2007 ይህንኑ የፊደሉን ክፍለ ድምፅ መነሻ ያደረገ የአማርኛ መስሚያ ሠርቶ 90.43 በመቶ የቃላት ትክክለኛነት አግኝቷል። በዘመናዊ የነርቭ መረብ አይደለም፣ በዚያን ጊዜው ስታቲስቲካዊ ዘዴ ነው። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ የታተመው የድምፅ ስብስባቸው 100 ሰዎች 10,850 ዓረፍተ ነገር ያነበቡበት፣ ወደ 20 ሰዓት የሚደርስ ነው። ማርታ ይፍሩ ደግሞ እዚያው ሐምቡርግ ሌላውን ጎን ያዘች። አማርኛ ቃል እንደ ሊጥ ይሳባል፤ ከ«መጣ» ብቻ አልመጣችም፣ ሲመጡልን፣ እንደመጣችሁበት፣ ካልመጣንላቸው እያላችሁ ቀኑን ማዋል ትችላላችሁ። ይህንን ሁሉ እንደ ተለያየ ቃል ከመዘገብን መዝገቡ ስልክ አይችለውም። ማርታ ቃሉን ወደ ምዕላዶቹ ቆርጣ ሞዴሉን በእነሱ ላይ ሠራች። ያኔ ዓላማው ስልክ አልነበረም፤ ዛሬ ስልክ ላይ የሚገባ ነገር ለሚሠራ ሰው ግን መነሻው እዚያ ነው።

20 ሰዓት ብዙ ይመስላል? ከ680,000 ጋር አስተያዩት። 90.43 በመቶም ቢሆን ከአሥር ቃል አንዱ ተሳሳተ ማለት ነው፤ ያውም ተናጋሪዎቹ ከወረቀት እያነበቡ። ሰው ሲያነብና ሲያወራ አንድ አይደለም። ተመራማሪዎች የአማርኛን አነጋገር የአዲስ አበባ፣ የጎንደር፣ የጎጃም፣ የወሎና የመንዝ ብለው ይከፍሉታል፤ በዚያ ስብስብ ከአንባቢዎቹ አብዛኞቹ የአዲስ አበባውን የሚናገሩ ነበሩ። የአዲ አርቃይ ሰው ደግሞ አማርኛና ትግርኛ በሚገናኙበት አገር ነው የሚኖረው፤ በአንድ ጭውውት ውስጥ ሁለቱም ሊሰሙ ይችላሉ። እንዲህ ያለውን ንግግር ሰምቶ የማያውቅ ሞዴል ሲደናገር ዝም ብሎ አይሳሳትም፤ ይዘገያልም። ሁለት ሦስት አማራጭ ይዞ «የቱ ይሆን?» እያለ ወደፊት ይሄዳል፣ ተጠቃሚውም «ቅድም ምን አልኩህ!» ብሎ ይደግማል። መድገም ራሱ መዘግየት ነው፤ ከሁሉም ትልቁ። ለዚህ ነው አማርኛ ላይ የጎደለው በዋናነት ቺፕ አይደለም የምለው፤ የተቀዳ ድምፅ ነው። ሞዚላ ያቋቋመው ኮመን ቮይስ ማንም ሰው ዓረፍተ ነገር እያነበበ ድምፁን እንዲሰጥ ይጋብዛል፤ አማርኛም አለበት፣ ትግርኛም።

ኢንተርኔት የሚያስፈልገው ለምኑ ነው?

ሁሉም ነገር ስልክ ውስጥ ይግባ ማለቴ አይደለም። «ባትሪውን አብራ»፣ «እህቴ ጋ ደውል»፣ «ቀስቅሰኝ» ምንም ኢንተርኔት አያሻቸውም። «ነገ ደባርቅ ይዘንባል ወይ» ግን የአየር ትንበያው ከውጭ መምጣት አለበት። ልዩነቱ የሚላከው ነገር ላይ ነው። ያቺን ጥያቄ በሁለት ሰከንድ ብትናገሯት ጥሬ ድምፁ 64,000 ባይት ነው፤ በደንብ ቢጨመቅ 6,000 አካባቢ። ስልኩ ራሱ ሰምቶ ወደ ጽሑፍ ከቀየረው ግን 42 ባይት ነው፤ ከተጨመቀው ድምፅ ከ140 ጊዜ በላይ ያንሳል። በአማርኛ አንድ አጭር የጽሑፍ መልእክት 70 ፊደል ይይዛል፤ ጥያቄዋ 16 ቦታ ብቻ ስለምትፈልግ ኢንተርኔት በሌለበት እንኳ በኤስኤምኤስ መሄድ ትችላለች። ድምፃችሁም፣ ከጀርባችሁ ያለው የቤተሰብ ወሬም ከስልኩ አይወጣም።

የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2014 የጀመረው 8028 የሚባለው የገበሬዎች መስመር በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በትግርኛ ጭምር የእርሻ ምክር በተራ ጥሪ ያሰማል። ኢንተርኔት አይፈልግም፣ ማንበብ አይፈልግም፤ ስለዚህ ገጠር ድረስ ገባ። የሚፈልገው ቁጥር መጫን ነው፤ ለዚህ አንድን፣ ለዚያ ሁለትን እያሉ። በቁጥሩ ፈንታ «የስንዴ ዋግ» ብሎ መናገር የሚቻልበት መስመር ደግሞ የሚያስፈልገው ሁሉን የሚያውቅ ሞዴል አይደለም፤ ጥቂት መቶ ቃላትን በየአነጋገሩ አጥርቶ የሚሰማ ትንሽ ጆሮ ነው።

የእናንተ ስልክ ጆሮ የት እንዳለ ማወቅ ከፈለጋችሁ መሞከር ቀላል ነው። በድምፅ መጻፊያውን በአማርኛ ክፈቱና ስልኩን ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጉት፣ ዋይፋዩንም አጥፉ። ከዚያ ተናገሩ። ከጻፈ ጆሮው እጃችሁ ላይ ነው። ካልጻፈ ኔትወርኩን መልሱና በሌላ ስልክ ስክሪኑንም ድምፃችሁንም በቪዲዮ ቅረጹ፤ ንግግራችሁ ካበቃበት ፍሬም እስከ መጨረሻው ቃል መውጫ ድረስ ያሉትን ፍሬሞች ቁጠሩ። በሰከንድ 30 ፍሬም በሚቀርጽ ካሜራ አንዱ ፍሬም 33 ሚሊ ሰከንድ ነው። ስድስት ፍሬም የሰው ጭውውት ነው። አንድ ጊዜ ቤት ውስጥ ሆናችሁ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ኔትወርክ በሚደክምበት ቦታ ለኩት።